ያለ ውል የተቀጠረችን ሠራተኛ «ሙከራዋ አላለቀም» ብሎ ማሰናበት ይቻላል?

(ጠያቂው የካፌ ባለቤት ነው፤ አስተናጋጇ እያረፈደች ስላስቸገረችው ሊያሰናብታት ይፈልጋል።)

አይቻልም። ለካፌህ አስተናጋጇን የቀጠርካት በቃል ነው። «ሦስት ወር ሙከራ» ያልካትም በቃል ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ደግሞ የሙከራ ጊዜ የሚጸናው በጽሑፍ ሲሆን ብቻ ነው። በጽሑፍ ቢሆንም ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። «ሦስት ወር» የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ግን ሁሉም ሰው ይለዋል። ስለዚህ ልጅቷ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ መደበኛ ሠራተኛህ ናት። «ውል የለንም» ማለትም አያድንህም፤ መብቷን አያስቀርም።

አሁን እንዲህ አድርግ፦

1. «ከነገ ጀምሮ እንዳትመጪ» አትበላት። ያላግባብ ካሰናበትካት ክርክሩ እስከ 180 ቀን ደመወዝ ካሳ ሊያደርስህ ይችላል።

2. ችግሯ ማርፈድ ነው ብለሃል። ባረፈደች ቁጥር ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሰህ በጽሑፍ አስጠንቅቃት፣ ቅጂው ላይ አስፈርማት። በጽሑፍ እየተነገራት በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ካረፈደች ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ (ማለትም ቀድመህ ጊዜ ሳትሰጣት ወዲያው) ማሰናበት ትችላለህ። እሱንም በደብዳቤ፣ ምክንያቱን ጽፈህ።

3. ስትለያዩ ሒሳቧን በ7 የሥራ ቀን ውስጥ ጨርስ።

አንድ ነገር ልጨምር። በእጅ ከከፈልክ ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) ላይ ሳታስፈርም ብር አትስጥ። ብዙ ጀማሪ ነጋዴ ሲወድቅ ያየሁት እዚህ ጋ ነው፤ ከፍሎ እያለ «አልተከፈለኝም» ሲባል የሚያሳየው ወረቀት የለውም።