መልስ፦ የተፈናቃዮችን መዝገብ እንዴት አንድ እናድርግ?

ወንድሜ፣ ጎንደር ላይ ተፈናቃዮችን የሚረዱት ማኅበራት የየራሳቸውን ዝርዝር ይዘው አንዱ ቤተሰብ ሦስቴ ሲመዘገብ ሌላው እንደሚቀር ጽፈሃል። ሶፍትዌሩ ይቆያችሁ። መጀመሪያ አንድ ቅጽ ላይ ተስማሙ፦ ስም ከነአያት፣ የቤተሰብ ብዛት፣ የመጡበት ቀበሌ፣ አሁን ያሉበት። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» ለኮምፒውተር ሁለት ሰው ናቸው። ስለዚህ ለየቤተሰቡ መለያ ቁጥር ስጡ።

ከዚያ ቅጹን በስልክ ለመሙላት ኮቦቱልቦክስ (KoboToolbox) የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ ሶፍትዌር ይበቃችኋል። እስከ ተወሰነ መጠን ነፃ ነው፤ ኔትወርክ ባይኖርም ስልክ ላይ ይሞላል፣ ሲመጣ ይላካል። ሳሃና (Sahana) የሚባል የአደጋ ጊዜ እርዳታ ማስተባበሪያ ሶፍትዌርም አለ፤ ከ2004 (እ.ኤ.አ.) ሱናሚ በኋላ የስሪላንካ በጎ ፈቃደኞች የጀመሩት ነው። ግን የሚያስተዳድረው ባለሙያ ይፈልጋል።

አደራ፣ ዝርዝሩን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አትልቀቁ። የተፈናቀለ ሰው ስምና መጠለያ ክፉ ሰው እጅ ከገባ ሕይወት ያስከፍላል። ማን ማየት እንደሚችል ምዝገባው ሳይጀመር ወስኑ።