ወሰን፣ ክልል ወይስ ሬንጅ?

በባሕር ዳር ሒሳብ የሚያስተምሩ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «መጽሐፉ በእንግሊዝኛ፣ ማብራሪያዬ በአማርኛ ነው። ‹የፈንክሽኑን ሬንጅ ፈልጉ› ለማለት ‹ወሰኑን ፈልጉ› ብል ያስኬዳል?»

አያስኬድም። ወሰን ዳር ነው። ወሰነ በግእዝም በአማርኛም ድንበር ማበጀት ነው፤ ውሳኔ ራሱ በሁለት አሳብ መካከል የተሰመረ ድንበር ነው። ሬንጅ ግን ፈንክሽኑ፣ ማለት ቁጥር ሲሰጡት ቁጥር የሚመልሰው ስሌት፣ በእርግጥ የሚያወጣቸው ዋጋዎች ሁሉ እንጂ ዳርቻቸው አይደለም። አንድ ቁጥር በራሱ ያባዙ፤ 1 ይደምሩበት፤ ከዚያ 1ን ለተገኘው ያካፍሉ። ግማሽ ይወጣል? አዎ፣ ቁጥሩ 1 ሲሆን። 2ስ? አይወጣም፤ አካፋዩ ከ1 አያንስምና። እንዲህ ከውጤቱ ወደ መነሻው እየጠየቁ ሲሄዱ ከ0 የሚበልጠውና ከ1 የማይበልጠው ሁሉ ይገኛል። 0 ወሰን ነው፤ ሬንጁ ውስጥ ግን የለም።

«ወሰን ይበቃል» የሚሉ ሊቅ አሉ፤ ስማቸውን አላነሣም። ለጣና ከፍታ እውነታቸውን ነው። ሐይቁ በሰኔ ሲጎድልና በመስከረም ሲሞላ የደረሰባቸውን ሁለት ምልክቶች ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ካዩ፣ በመካከል ያለውን ሁሉ ነክቷል፤ ውኃ አይዘልምና። የደንገል ታንኳ ተሳፋሪ ሲቈጥሩ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከ1 እስከ 3 ነው ቢባል፣ ሁለት ተኩል ሰው ከዘጌ ሲሻገር ያየ የለም።

እኔ ክልል እላለሁ። ከለለ በግእዝ ዙሪያውን ከበበ፣ ጋረደ፣ ዘውድ ደፋ ነው፤ አክሊል የዚሁ ሥር ልጅ ነው። ክልልን ከ«ከለከለ» የሚያወጡት ሰዎች የሌላ ሥር፣ በግእዝ «ከለከለ» ማለት የሆነውን የከልአን፣ ቤት ነው የሚያንኳኩት። ደግሞም «የተከለለ ሣር» ስንል ዓይናችን የሚያርፈው በሣሩ ላይ እንጂ በአጥሩ ላይ አይደለም። ክልልም ቢሆን 1፣ 2 እና 3ን ብቻ ነጥሎ እንደማያጥር አውቃለሁ፤ ጆሮዬ ግን ወዶታል።

ችግሩ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ቃሉን ለአስተዳደር ሰጥቶታል። «ክልሉን ፈልጉ» ቢሉ ከኋላ ወንበር «አማራ!» የሚል አይጠፋም። እንግዲያው ሬንጅ ይበሉ፤ ተማሪው ፈተና ላይ የሚያገኘውም እሱን ነው። ብቻ ሰሌዳው ጥግ ላይ፣ በትንሹም ቢሆን፣ ክልል ብለው ይጻፉልኝ።