ደም ሲምቦል ነው ወይስ ሞቲፍ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ፣ አምድዎን ሁሌ ነው የማነበው። ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፣ አሁን የሼክስፒርን ማክቤዝ እያነበብን ነው። ተውኔቱ ከዳር እስከ ዳር ደም ነው፣ እና አሳይመንት ላይ "ደም የጥፋተኝነት ሲምቦል ነው" ብዬ ስጽፍ መምህራችን ሲምቦል የሚለውን ሰርዞ ሞቲፍ ብሎ መለሰልኝ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ደሞ አንዱ ሲምቦል ይለዋል አንዱ ሞቲፍ። ልዩነታቸው ምንድነው? ፈተና ላይስ የቱን ልበል?
ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሰላም እህቴ፣ መምህርሽ ልክ ነው፣ አንቺም ብትሆኚ ከመንገድ አልወጣሽም፣ የቀረሽ ነገር ስላለ ነው።

ሲምቦል ማለት አንድ ነገር፣ ዕቃም ይሁን እንስሳ ይሁን ቀለም፣ ከራሱ አልፎ ሌላ ሀሳብ ሲሸከም ነው፣ ለዚህ ደሞ አንዴ ብቅ ማለቱ ይበቃዋል። እዛው ማክቤዝ ላይ አራተኛው ገቢር መጀመሪያ ላይ ጠንቋዮቹ ከሚያሳዩት ራእይ መሀል ዘውድ የደፋ ሕፃን ዛፍ በእጁ ይዞ ይወጣል አይደል? ታየ፣ ተናገረ፣ ጠፋ፣ ከዛ በኋላ አይመለስም። ግን ዘውዱ ንግሥናው ወደ ተገደለው ንጉሥ ልጅ ወደ ማልኮም እንደሚሄድ፣ ዛፉ ደሞ ወታደሮቹ የበርናምን ጫካ ቅርንጫፍ ቆርጠው በሱ ተከልለው እንደሚመጡ ቀድሞ ይጠቁማል። ይሄ ሲምቦል ነው፣ ድግግሞሽ አላስፈለገውም።

ሞቲፍ ግን ያለ ድግግሞሽ የለም። እንደ ዘፈን አዝማች እየተመላለሰ ነው የሚሠራው፣ ብቻ አዝማች ያው ራሱ ነው የሚመለሰው፣ ጥሩ ሞቲፍ ግን በተመለሰ ቁጥር ተለውጦ ነው የሚመጣው፣ ብዙ ተማሪ የሚዘለው ይቺን ነው።

ደሙን እስቲ ተከተይው። መጀመሪያ የምናየው ገና በአንደኛው ገቢር ከጦር ሜዳ የመጣ የቆሰለ መኮንን ላይ ነው፣ እዛ ጋ ደም ክብር ነው፣ ንጉሥ ዳንከንም ቁስሉን ያሞግስለታል። ሁለተኛው ገቢር ላይ የጦር መሪው ማክቤዝ ዙፋኑን ለመውሰድ ንጉሡን ገድሎ ሲመጣ ያው ደም ወንጀል ሆኗል፣ ውቅያኖስ ሙሉ ውሃ እጄን ያጠራው ይሆን ብሎ ይጨነቃል፣ ሚስቱ ደሞ ትንሽ ውሃ ይበቃናል ትለዋለች። ማክቤዝ የጦር ጓደኛውን ባንኮን ካስገደለ በኋላ በደም ውስጥ ብዙ ርቀት ስለሄድኩ መመለሱም መሻገሩም እኩል አድካሚ ነው ይላል፣ እዚህ ጋ እንግዲህ ደሙ ከእጁ አልፎ የሚሄድበት መንገድ ሆኗል ማለት ነው። አምስተኛው ገቢር ላይ ያቺው ትንሽ ውሃ ይበቃናል ያለችው ሴት በእንቅልፍ ልቧ እየተነሳች እጇን ስታሽ ታድራለች፣ የዓረብ ሽቶ ሁሉ ቢፈስ ይቺን ትንሽ እጅ ጥሩ ሽታ አይሰጣትም ትላለች፣ ልብ በይ፣ እጇ ላይ ግን ምንም ደም የለም!

አንቺ "የጥፋተኝነት ሲምቦል" ስትይ የያዝሽው ከሁለተኛው ገቢር ጀምሮ ያለውን ነው፣ የቆሰለው መኮንን ደም ግን ጥፋተኝነት አይደለም፣ ከአረፍተ ነገርሽ ውጪ ቀረ። ለዛ ነው መምህርሽ የሰረዘው ብዬ የማስበው።

ሞቲፍ ደሞ የግድ የሚጨበጥ ነገር መሆን የለበትም። እዚሁ ተውኔት ላይ እንቅልፍን ውሰጂ፣ ማክቤዝ ግድያውን እንደፈጸመ "ማክቤዝ እንቅልፍን ገደለ" የሚል ድምፅ ሰማሁ ይላል፣ መጨረሻ ላይ ሚስቱ ተኝታ እየሄደች እናገኛታለን።

ፈተናውን በተመለከተ፣ ሁለቱን አትምረጪ፣ አያይዣቸው። ደም በየቦታው ሲምቦል ሆኖ ይሠራል፣ እየተደጋገመ ሲያያዝ ደሞ ሞቲፍ ይሆናል ብለሽ ጀምሪና ቢያንስ ሦስት ቦታ ጥቀሺ፣ ገቢርና ትዕይንቱን ጻፊ፣ በመሀል ምን እንደተለወጠ አሳዪ። ጭብጡን፣ ማለትም ተውኔቱ የሚያስተላልፈውን ዋና ሀሳብ፣ ለብቻው በሙሉ አረፍተ ነገር አስቀምጪው፣ "ደም" ብቻውን ጭብጥ አይሆንም። የጸጋዬ ገብረ መድኅንን የአማርኛ ማክቤዝ ካገኘሽ ደሞ ጎን ለጎን አንብቢው፣ ደሙ የት የት ላይ እንደሚመለስ ቶሎ ዓይንሽ ውስጥ ይገባል።