ለጀማሪ ባንድ «ሉዊ ሉዊ»ን የማስቀድመው ለምንድን ነው

ወንድሜ፣ «ዘፋኙ የሚለው የማይሰማ፣ ስህተቱም ያፈጠጠ ሸክላ ይህን ያህል ለምን ይወደሳል? ለጀማሪ ባንድስ ምን ይጠቅማል?» ብለህ ጠይቀሃል። ጊታር ሳስተምር ለአዲስ ባንድ መጀመሪያ የምሰጠው ይህንኑ ኪንግስሜን የተባለው የአሜሪካ ባንድ የቀዳውን ቅጂ ስለሆነ ጥያቄህን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልሁም።

ልጆቹ ዘፈኑን የቀዱት በሚያዝያ 1963 እ.ኤ.አ. በኦሪገን ግዛት፣ ፖርትላንድ ከተማ ነው። ወጪው 50 ዶላር ገደማ ነበር። ማይክሮፎኑ ከላይ ተንጠልጥሎ ስለነበር ዘፋኙ ጃክ ኢሊ አንጋጦ መጮህ ነበረበት፤ ጥርሱም ላይ ማስተካከያ ብረት ነበር። ታዲያ ቃሉ ቢድበሰበስ ምን ይገርማል?

ጊታሩ ብቻውን ጎልቶ ከሚጫወትበት ከሶሎው በኋላ ያለውን ቦታ ጆሮህን ሰጥተህ ስማው። ኢሊ ጊዜው ሳይደርስ ይገባል፤ ወዲያው ይባንንና ዝም ይላል፤ ከበሮ መቺው ሊን ኢስተን ክፍተቱን ይሞላል፤ ዘፈኑም ይቀጥላል። ተማሪዎቼን ይህችን ቦታ ደጋግሜ አሰማቸዋለሁ። አንዱ ሲስት ሌላው ሳይቆም እንዴት እንደሚያነሳው የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ቅጂ አላገኘሁም።

ኮርዶቹ፣ ማለትም በአንድነት የሚመቱት የድምፅ ጥምረቶች፣ ኤ፣ ዲ፣ ኢ ማይነር፣ ከዚያም ተመልሶ ዲ ናቸው። ጀማሪ ሁሉ የሚሰናከለው ኢ ማይነሩ ላይ ነው፤ አመልካች ጣቱን ሦስተኛው ክር ላይ ይረሳውና ኢ ሜጀር ያደርገዋል። ያን ጊዜ የዘፈኑ ድምፅ ጥርት ይላል፤ ያ ጎርበጥ የሚለው ጣዕሙ ግን ይጠፋል። አመታቱን «አንድ ሁለት ሦስት፣ አንድ ሁለት» እያላችሁ ቁጠሩት።

በዚያው ሰሞን ፖል ሪቪር ኤንድ ዘ ሬይደርስ የተባለ ሌላ ባንድ ይህንኑ ዘፈን በዚያው ስቱዲዮ ቀድተውታል። በእኔ ጆሮ የሬይደርስ አጨዋወት የተሻለ ነው። የአሜሪካን ዘፈኖች ደረጃ በሚያወጣው የቢልቦርድ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ድረስ የወጣው ግን የኪንግስሜን ነው። መሣሪያ ገዝቶ ኮርድ ያልጠገበ የጎረምሳ ባንድ ሁሉ «ይህንንማ እኛም እንችላለን» ያለው እሱን ሰምቶ ነው፤ ጋራዥ ሮክ፣ ማለትም ጀማሪ ባንዶች በየጋራዡ የሚጫወቱት ያልተሞረደ የሮክ ዓይነት፣ ሲነሳ ስሙ የሚቀድመውም ለዚህ ይመስለኛል።

የዘፈኑ ግጥም ብልግና አለበት የሚለው ወሬ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ሪቻርድ ቤሪ በ1957 ያወጣው ዘፈን አንድ መርከበኛ ጃማይካ ስለምትጠብቀው ልጅ ለመጠጥ ቤት አስተናጋጁ የሚያጫውተው ነው። ወላጆች ግን ሌላ ነገር ሰማን ብለው ከሰሱ፤ የኢንዲያና አገረ ገዢም ተቆጡ። ኤፍቢአይ ሸክላውን በተለያየ ፍጥነት ሲያዞር ከርሞ የሚባለው አይለይም ብሎ ዘጋው። በ54ኛው ሰከንድ አካባቢ ከበሮ መቺው ሲሳሳት ያመለጠችው እውነተኛ ስድብ ግን ሳትነካ አለፈች።

ለእናንተ ይበልጥ የሚጠቅመው የገንዘቡና የስሙ ታሪክ ነው። ቤሪ የዘፈኑን መብት በ1959 በ750 ዶላር ሸጦ ከፊሉን ያስመለሰው በ1980ዎቹ ነው። የባንዱን ስም ደግሞ በኢስተን እናት በኩል አስመዝግበውት ስለነበር፣ ኢስተን «ከእንግዲህ ዘፋኙ እኔ ነኝ» ሲል ኢሊ ሸክላው ሳይገንን ከባንዱ ወጣ። ዘፈኑ ሲገን መድረክ ላይ ሆኖ የኢሊን ድምፅ በከንፈሩ የሚከተለው ኢስተን ነበር። እናንተም ከመጀመሪያው ልምምድ በፊት ስሙ በማን እንደሚመዘገብና ገቢው እንዴት እንደሚከፋፈል በወረቀት አስፍራችሁ ሁላችሁም ፈርሙ።