ለጌም አዲሱ ሴሌሮን ላፕቶፕ ወይስ ያገለገለው ዴስክቶፕ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ብዙ ሰው «አዲሱን ግዢና ተገላገይ» ብሎ ስላለፈ ነው ረዘም አድርጌ የምጽፍልሽ። ኋላ የመጣ ሰውም እንዲረዳው ጉዳዩን ባጭሩ ልድገመው። ለታናሽ ወንድምሽ ጌም የሚያጫውት ኮምፒውተር ልትገዢለት ነው። አንዱ ሱቅ በካርቶን የታሸገ አዲስ ላፕቶፕ አሳይቶሻል፤ ፕሮሰሰሩ (ሥራውን የሚያስብለት ዋናው ቺፕ) ሴሌሮን ኤን 4020፣ ራም 4 ጊጋ፣ ማከማቻ 64 ጊጋ። ሌላው ያገለገለ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ዴስክቶፕ ከነሞኒተሩ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ኮር አይ 5-3470፣ ራም 8 ጊጋ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ልጁ የሚፈልገው ጂቲኤ 5 እና የኳስ ጌሙን ፔስ ነው። «የ2012 ማሽን ከአዲስ ይበልጣል የሚል ሰው አለ ወይ?» ብለሻል።

አለ። እዚሁ ድሬ ኮምፒውተር ስጠግን ሁለቱንም ዓይነት ፈትቼ ገጥሜያለሁ። ለጌም ከሆነ ዴስክቶፑን ግዢ። ግን ሻጩ እንዳቀረበልሽ ዝም ብለሽ ተሸክመሽ አትሂጂ፤ ማየት ያለብሽ ነገር አለ።

መጀመሪያ የዓመቱን ነገር እንጨርስ። ኤን 4020 የተሠራው ትንሽ ኤሌክትሪክ እንዲበላ ነው። የተመደበለት 6 ዋት ነው። ኮሩ (ሥራ የሚካፈለው የቺፑ ክፍል) 2 ብቻ ነው፤ መነሻ ፍጥነቱ 1.1 ጊጋኸርዝ ነው፤ ለአጭር ጊዜ እስከ 2.8 ይወጣል። አይ 5-3470 ደግሞ 77 ዋት የሚበላ፣ 4 ኮር ያለው፣ ከ3.2 እስከ 3.6 ጊጋኸርዝ የሚሮጥ ቺፕ ነው። አንዱ ለደብዳቤና ለብራውዘር፣ ሌላው ለከባድ ሥራ ተሠራ። ከድሬ ተነስተሽ ሰው ሞልተሽ የደንገጎን ዳገት ለመውጣት ከአዲስ ባጃጅና ከአሮጌ ፔጆ 404 የቱን ትመርጫለሽ? ያው ነው።

አሁን ወደ ጌሙ። ጂቲኤ 5 ለኮምፒውተር የወጣው በ2015 ነው። አምራቹ «ይህ ቢኖራችሁ ይመከራል» ብሎ ካሰፈረው ዝርዝር ውስጥ ያለው ፕሮሰሰር ኮር አይ 5-3470 ነው። በስም፣ ያው ራሱ! ራም 8 ጊጋ ይላል፤ እሱም አለሽ። ግራፊክስ ካርዱ (የጌሙን ምስል የሚሠራው) ጂቲኤክስ 660 ነው፤ እሱ ነው የሌለሽ። ላፕቶፑ ግን ዝቅተኛ ተብሎ የተቀመጠውን እንኳን አይደርስበትም፤ እዚያም ባለ 4 ኮር ፕሮሰሰር ነው የተጻፈው። ሌላው ቀርቶ ጌሙ ገና ሲወጣ 65 ጊጋ ባዶ ቦታ ይጠይቅ ነበር። ያ ላፕቶፕ ጠቅላላ ማከማቻው 64 ጊጋ ነው፤ ዊንዶውሱም የተቀመጠው እዚያው ላይ ነው። እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ላይ ከውጭ ሃርድ ዲስክ አስነስተን ሞክረነዋል። ሁሉም ሴቲንግ ወርዶም በሴኮንድ ከ20 ፍሬም (ምስል) በታች እየተንፏቀቀ ነበር። ልጁ እንዲህ ያለው ላይ ተቀምጦ ይናደድ እንጂ አይጫወትም። (በ2025 የወጣው «ኢንሃንስድ» የሚባለው እትም ሌላ ነው፤ ከፍ ያለ ማሽንና ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የፈጠነ ማከማቻ) ይጠይቃል። ለእናንተ የሚሆነው የድሮው ነው።)

እዚህ ላይ ግን ሻጮች የማይነግሩሽ ነገር አለ። ዴስክቶፑ ብቻውን፣ ግራፊክስ ካርድ ሳይጨመርበት፣ ለጂቲኤ 5 አይሆንም። በፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ኤችዲ 2500 ይባላል፤ ደካማ ነው። ፔስ 2013ን ያጫውታል፤ ከዚያ በላይ ብዙ አትጠብቂበት። «ኮር አይ 5 ስለሆነ ሁሉንም ጌም ይችላል» የሚልሽን አትስሚው። የዴስክቶፑ ጥቅም ካርዱን ዛሬ ባትችዪ ከሁለት ወር በኋላ መጨመር መቻልሽ ነው። ላፕቶፑ ግን እንደተገዛ ይቀራል። ብዙዎቹ ራማቸው ሳይቀር ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው።

ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት የሳጥኑን መጠን እዪ። ኦፕቲፕሌክስ 7010 በተለያየ መጠን ነው የወጣው። ትልቁን፣ ቆሞ የሚቀመጠውን ካገኘሽ እሱን ያዢ። ፓወር ሰፕላዩ 275 ዋት ነው፤ ሙሉ ቁመት ያለው ካርድም ይገባበታል። ቀጭኑ ውስጥ የሚገባው አጭር ካርድ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ እዚህ እንደልብ አይገኝም። ከሁሉም ትንሹ፣ መጽሐፍ የሚያክለው፣ ካርድ የሚባል ነገር አያስገባም። ለጌም እሱን በነጻ ቢሰጡሽም አትቀበዪ።

የሚሆንሽ ካርድ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ነው። የ2016 ካርድ ነው፤ 4 ጊጋ የራሱ ሜሞሪ አለው። 75 ዋት ብቻ ስለሚበላ ብዙዎቹ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድ ሳይፈልጉ ከቦርዱ ብቻ ይሠራሉ። ከዚህ ፕሮሰሰር ጋር ስገጥመው ጂቲኤ 5ን በ1080 ጥራትና በመካከለኛ ሴቲንግ 60 ፍሬም አካባቢ አጫውቷል። ብሩ ካልበቃሽ ጂቲ 1030 አለ፤ በ720 ጥራት ደህና ነው። ግን ተጠንቀቂ! በዚህ ስም ሁለት የተለያዩ ካርዶች ይሸጣሉ። ጂዲዲአር 5 የሚለው ሜሞሪው በሴኮንድ 48 ጊጋባይት ያስተላልፋል። ዲዲአር 4 የሚለው ወደ 17 ነው። ስሙ አንድ፣ ጌም ላይ ሲደርስ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳታነቢ አትክፈዪ።

ታይዋን ገበያም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ ካርድ ስትገዢ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘሽ ሂጂ። በነጻ የሚገኝ ነው። አሮጌ ካርዶችን ስማቸውን ቀይረው 1050 ቲአይ ናቸው ብለው የሚያቀርቡ አሉ። ዊንዶውስ ራሱ ይታለላል፤ ፕሮግራሙ ግን ሐሰተኛ መሆኑን ስሙ ላይ ጽፎ ያሳይሻል። ሻጩ ማስከፈት ካልፈለገ ተነስተሽ ውጪ።

አሁን ስለ ሙቀት። አቦ፣ ይህን ከአዲስ አበባ የሚመክሩን ሰዎች አያስቡትም። ግንቦትና ሰኔ ላይ ከሰዓት በኋላ ከተማው በር ዘግቶ ሲተኛ፣ የልጆች ጌም የሚጦፈው ያኔ ነው። ቺፕ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ጌሙ መጀመሪያ ጥሩ ይሄዳል፤ ከዚያ ፍሬሙ ይወርዳል፣ ይቆራረጣል። ያው ማሽን ሐረር ሲሄድ ደህና ይሆናል። እዚያ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ከፍታው ከድሬ ወደ 700 ሜትር ይበልጣል። «ሐረር አክስቴ ቤት ላግ አያደርግም ነበር» ብለው የሚያመጡልኝ ብዙ ናቸው፤ እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያሉት ላፕቶፖች ብዙዎቹ ማራገቢያ የላቸውም፤ ሙቀቱ የሚወጣው በፕላስቲኩ ነው። ዴስክቶፑ ማራገቢያ አለው። ግን ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ቅባት ከ10 ዓመት በላይ ቆይቶ እንደ ጠመኔ ደርቋል፤ ውስጡም አቧራ ነው። ሲገዛ ያን ቅባት አስቀይሪ፣ በብሎወር አስነፊ። ርካሽ ሥራ ነው፤ ለሙቀቱ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ቤት ሲገባ ደግሞ ወለል ላይም፣ የቴሌቪዥን ቁም ሳጥን ውስጥም አታስቀምጡት።

ሱቅ ውስጥ ስትሞክሪውም አብርተሽ የዊንዶውስ ገጽ ስለመጣ ብቻ አትርኪ። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ከባድ ነገር አስከፍተሽ አሠሪው። ራሙን ሁለት ባለ 4 አድርገው እንዲሰጡሽ ጠይቂ፤ ካርዱ እስኪገዛ ድረስ ከአንድ ባለ 8 ይሻላል፣ የውስጡ ግራፊክስ ከራሙ ስለሚበደር። ኤስኤስዲ ፍሬም አይጨምርም፤ ጌሙን ቶሎ ይከፍታል እንጂ። ቆይቶ ይገዛል።

መብራት ላይ ላፕቶፑ ያሸንፋል፣ ይህን አልክድም። ዴስክቶፕ መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) ካልተቻለ ቢያንስ ስታብላይዘር ያስፈልገዋል። አንዳንድ ያገለገለ ፓወር ሰፕላይ ደግሞ ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማዞሪያ አለው። 115 ላይ እንዳለ እኛ ሶኬት ላይ ከተሰካ ይቃጠላል። ከመሰካትሽ በፊት እዪው።

ሌላው የዴስክቶፑ ድክመት ዕድሜው ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉትን ነው በይፋ የሚቀበለው፤ ይህ 3ኛ ነው። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ደግሞ በጥቅምት 2025 በፈረንጆች አቆጣጠር አብቅቷል። ጌሞችም እየከበዱ ነው። ያ በ2015 «ይመከራል» የተባለው አይ 5-3470፣ በ2020 ለወጣው ፔስ 2021 «ዝቅተኛ» ተብሎ ነው የተጻፈው። አንዳንድ አዳዲስ ጌሞች ኤቪኤክስ 2 የሚባል የፕሮሰሰር ችሎታ ይጠይቃሉ፤ 3ኛ ጀነሬሽን የለውም፣ 4ኛው አለው። ስለዚህ በጥቂት ብር ልዩነት ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ወይም ኦፕቲፕሌክስ 9020 ከ4ኛ ጀነሬሽን ጋር ካገኘሽ እሱን አስቀድሚ። 8ኛ ጀነሬሽን አይ 5 ካጋጠመሽ ደግሞ ብር ተበደሪም ግዢው፤ 6 ኮር አለው፣ ዊንዶውስ 11ንም ይቀበላል።

ልጁ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ የሚሄድ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ዶርም ውስጥ ዴስክቶፕ አይሆንም። ያን ጊዜም ቢሆን ኤን 4020ን ትተሽ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ ከኮር አይ 5 ጋር ፈልጊ።

ዴስክቶፑን ከወሰንሽ የሳጥኑን ፎቶ ከጎንና ከጀርባ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊልኝ። የትኛው ካርድ እንደሚገባበት እነግርሻለሁ።