የግድግዳው ባለቤት እና የሥዕሉ ባለቤት

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ከዚራ የምኖር ሠዓሊ ነኝ። አንድ የካፌ ባለቤት በውጭ ግድግዳቸው ላይ የቀፊራን ገበያ እንድሥል በቃል ፈቀዱልኝ። ቀለሙን ገዝተው ሦስት ቀን ምሳ ከማብላታቸው በቀር ስለ ክፍያ አልተነጋገርንም። አሁን አንድ ቡና አሻጊ ነጋዴ የሥዕሉን ፎቶ ከታች ያለውን ፊርማዬን ቆርጦ በማሸጊያው ላይ አትሞታል። የካፌው ባለቤት «ግድግዳው የእኔ ነው፣ እኔ ፈቅጃለሁ» ይላሉ፤ የሥዕሉንም ግማሽ በማስታወቂያ ሊያስቀቡት ነው። ሐረር ያለ ጓደኛዬ ደግሞ የጀጎል ግንብ ላይ በሌሊት ሊሥል ያስባል። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ የካፌው ባለቤት ግድግዳው የእርሳቸው መሆኑን መናገራቸው ልክ ነው፤ የተሳሳቱት ግድግዳው የእርሳቸው በመሆኑ ብቻ ሥዕሉን ለማባዛት መፍቀድ የሚችሉ መስሎ ስለታያቸው ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት አንድ ሥዕል ወጥ (የሠዓሊው የራሱ ፈጠራ) ከሆነና ግዙፍነት ካገኘ (በሚታይ ነገር ላይ ከሰፈረ)፣ ባይመዘገብም እንኳ ጥበቃ ያገኛል። እርስዎም ሥራውን ቀለም ቀብተው በጨረሱበት ዕለት መብቱን አግኝተዋል።

ሆኖም ጥንቃቄ የሚያሻው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። አዋጁ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ የኢኮኖሚ መብት፣ ማለትም ሥራውን የማባዛትና ከእርሱ የመጠቀም መብት፣ ተዋዋዮቹ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በስተቀር፣ የአሠሪው ነው ይላል። ስለዚህ ባለቤቱ «አዝዤ አሠራሁት» ብለው መከራከራቸው አይቀርም። በእኔ አስተያየት ቀለም መግዛትና ምሳ ማብላት የሥራ ውል አያሰኝም፤ ይልቁንም ግድግዳቸውን ለሥዕል እንደፈቀዱ የሚያሳይ ነው። ነገር ግን ምን እንደሚሣል የመረጡት እርሳቸው ከሆኑ ወይም በኋላ ገንዘብ ሰጥተዎት ከሆነ ክርክሩ ይከብድብዎታልና ይህንን አስቀድመው ለጠበቃዎ በግልጽ ይንገሩ።

የኢኮኖሚ መብቱ የማንም ይሁን የማን፣ የሞራል መብት ከእርስዎ ጋር ይቀራል። የሥዕሉ አመንጪ ተብለው የመታወቅ መብት አለዎት፤ ፊርማዎን ቆርጦ ማተም በቀጥታ የሚነካው ይህንኑ ነው፣ ማስረጃውም ማሸጊያው ላይ ታትሟል። በተጨማሪም ክብርዎን ወይም ዝናዎን የሚጎዳ ማዛባትን መቃወም ይችላሉ። ሥዕሉን ሙሉ በሙሉ ቀለም ቀብቶ ማጥፋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 አንድ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት የግራፊቲ ሥዕሎችን በኖራ ያስለቀለቀ የሕንጻ ባለቤት ለ21 ሠዓሊዎች 6.75 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወስኗል፤ የዚያ አገር ሕግ ሥራን ማጥፋትን በግልጽ ስለሚጠቅስ ነው። የእኛ አዋጅ የሚናገረው ስለ ማዛባትና መለወጥ ነውና ባለቤቱ ግድግዳውን በሙሉ ነጭ ቢያስቀቡት እንዲከለከሉ እንደሚፈረድልዎ ተስፋ አልሰጥዎትም። የሥዕሉን ግማሽ እንዳለ ትተው በቀሪው ላይ ማስታወቂያ ቢያስቀቡ ግን አቤቱታዎ ጠንካራ ይሆናል።

የማሸጊያውን አንድ ፍሬ ከነደረሰኙ ገዝተው ያስቀምጡ፣ ሥዕሉንም ሳይነካ ዛሬውኑ ፎቶ ያንሱት። ከዚያ ለነጋዴውም ለካፌው ባለቤትም ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይላኩ። ካልሰሙ ድሬዳዋ በሚያስችለው የፌዴራል ፍርድ ቤት የዕግድና የካሣ ጥያቄ ያቅርቡ። ቤቱ የቀበሌ ቤት መሆን አለመሆኑንም ያጣሩ፤ በከዚራ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል፣ ተከራይ የሰጠው ፈቃድ ደግሞ ባለንብረቱን አያስርም።

ጓደኛዎ ሐሳባቸውን ይተዉ። የሐረር ሴቶች ቤታቸውን በየዓመቱ ቀለም መቀባታቸው የኖረ ባህል ነው፤ ግንቡ ግን የማንም ቤት አይደለም። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በተመዘገበ ቅርስ ላይ ያለ ፈቃድ ሥራ መሥራት ክልክል ነው። በቅርስ ላይ የሚደርስ ጉዳት የግል አቤቱታ የሚጠበቅበት ተራ የንብረት ጉዳት ስላልሆነ «ቀለም ብቻ ነው የቀባሁት» ማለት መከላከያ አይሆናቸውም።