ስለ መጋዝ ፋብሪካ ከተማ የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው፦ ቦጋሉሳ፣ ሉዊዚያና

ሙያዬ እንጨት ሥራ ነው። ከዕለት ሥራዬ በሚተርፈኝ ጊዜ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካ ደቡብ በጥድ ደን መካከል ስለ ተቆረቆሩት የመጋዝ ፋብሪካ ከተሞች ሳነብ ዓመታት አልፈዋል። ከአንባቢዎች ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች የሰጠሁት መልስ በአብዛኛው የሚያተኩረው በአንዲት ከተማ፣ በቦጋሉሳ ላይ ነው። ዘመኑ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳስብ።

ጥያቄ፦ ቦጋሉሳ የት ናት? ማንስ ቆረቆራት?

መልስ፦ ከኒው ኦርሊንስ በስተሰሜን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በፐርል ወንዝ አጠገብ ትገኛለች። ስሟን የወሰደችው ከአንድ ጅረት ሲሆን፣ የአካባቢው ነባር ነዋሪ በሆነው በቾክታው ሕዝብ ቋንቋ «ጥቁር ውሃ» ማለት ነው፤ ሐዋሳ መግቢያ ላይ ያለችውን ጥቁር ውሃን የሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። ፍራንክና ቻርልስ ጉድይር የተባሉ የቡፋሎ ከተማ ባለጸጋ ወንድማማቾች በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል በእንጨት ንግድ ከበለጸጉ በኋላ ወደ ደቡብ ተሻግረው፣ «ግሬት ሳውዘርን» የተባለውን የእንጨት ኩባንያ አቋቋሙና በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ኤከር ደን ገዙ። የከተማዋ ግንባታ በ1906 ተጀመረ፤ ፋብሪካው ደግሞ በ1908 ሥራ ጀመረ። ፍራንክ ግን የመጀመሪያው ግንድ ሲሰነጠቅ ለማየት አልታደለም፤ በ1907 ሞቶ ነበር።

ጥያቄ፦ ጉድይር ሲሉ ከጎማው ኩባንያ ጋር ዝምድና አለው?

መልስ፦ የለውም፤ የስም መመሳሰል ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ «በዓለም ትልቁ የመጋዝ ፋብሪካ» ይባል እንደነበር አንብቤአለሁ። ምን ያህል ቢያመርት ነው?

መልስ፦ በሃያ አራት ሰዓት አንድ ሚሊዮን «ቦርድ ፊት» እንዲሰነጥቅ ታስቦ የተሠራ ነበር። አንድ ቦርድ ፊት ማለት ወርዱና ቁመቱ አንድ አንድ ጫማ፣ ውፍረቱ አንድ ኢንች የሆነ ጣውላ ነው። ስለዚህ የአንድ ቀን ምርቱ አንድ ኢንች ውፍረት ባለው ጣውላ ከዘጠኝ ሄክታር የሚበልጥ መሬት ማልበስ ይችል ነበር፤ በነጋታውም እንደገና ሌላ ዘጠኝ ሄክታር።

ጥያቄ፦ ግንዱ ከጫካ ወጥቶ ጣውላ እስኪሆን ያለውን ሂደት ቢያብራሩልን?

መልስ፦ ይህ የምወደው ጥያቄ ስለሆነ ትንሽ ብረዝም አትታዘቡኝ። ጫካ ውስጥ ዛፉን የሚጥሉት አንዱን ረጅም መጋዝ ከሁለት ጫፍ ይዘው የሚስቡ ሁለት ሰዎች ናቸው። ረጅም ቅጠል ያለው የደቡቡ ጥድ ሙጫው ብዙ ስለሆነ መጋዙን ይይዘዋል፤ በዚህ ምክንያት ሠራተኞቹ ላምባ በጠርሙስ ይዘው እየዞሩ ምላጩን ያርሱት ነበር። የወደቀውን ግንድ በእንፋሎት የሚሠራ ማሽን በብረት ገመድ እየጎተተ ወደ ባቡር ሐዲዱ ያቀርበዋል፤ ባቡሩም ከፋብሪካው ኩሬ ውስጥ ይዘረግፈዋል። የኩሬው ጥቅም ብዙ ነው፦ ከባዱን ግንድ አንድ ሰው በዘንግ እየገፋ ሊመራው ይችላል፤ መጋዙን የሚያበላሸው አፈርና አሸዋ ይታጠባል፤ እንጨቱም ሳይሰነጣጠቅና በነፍሳት ሳይበላ ይቆያል።

ከኩሬው በሰንሰለት ተስቦ ሲወጣ በሐዲድ ላይ በሚንሸራተት ጋሪ ላይ ይታሰራል። መጋዙ እንደ ሞተር ቺንጋ በሁለት ትልልቅ መንኮራኩሮች ላይ የሚሽከረከር የብረት ጥብጣብ ነው። ጋሪውን የሚያስወነጭፈው በረጅም ሲሊንደር ውስጥ የታመቀ እንፋሎት ሲሆን፣ ግንዱን የሚያስሩትና የሚያስተካክሉት ሰዎች ጋሪው ላይ ቆመው ቀኑን ሙሉ አብረውት ይወነጨፋሉ። ጩኸቱ ሰው ስለማያነጋግር፣ ዋናው መጋዝ ነጂ የሚቀጥለው ጣውላ ስንት ኢንች እንዲሆን የሚያዝዘው በጣቱ ምልክት ነበር። ግንዱን አንድ ጊዜ አይቶ ከየትኛው ጎን ቢጀመር የተሻለ ጣውላ እንደሚወጣ በሰከንዶች ውስጥ መወሰን የእርሱ ፋንታ ነው፤ ቢሳሳት የኩባንያው ትርፍ ሰጋቱራ ይሆናል።

ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚደንቀኝ የመጋዝ ሞራጁ ነው። ክፍሉ ብዙ ጊዜ ከመጋዞቹ በላይ ፎቅ ላይ ይሆናል። ጥርሱን መሞረድ የሥራው ግማሽ ብቻ ነው፤ ምላጩ በፍጥነት ሲሽከረከር ከመንኮራኩሩ እንዳይንሸራተት መካከሉን በመዶሻ እየቀጠቀጠ በመጠኑ ይለጥጠዋል፤ ልኩንም በዓይኑና በእጁ ይለካል። ከፋብሪካው ደመወዝተኞች ከፍተኛ ከሚከፈላቸው አንዱ ነበር፤ ሲያንሰው ነው እላለሁ።

የተሰነጠቀው ጣውላ ጠርዙና ጫፉ ተስተካክሎ፣ በሰንሰለት ላይ ሲያልፍ በእጅ እየተለየ ወደ ማድረቂያ ክፍልና ወደ መላጊያው ይሄዳል። እርጥብ ጣውላ ከሰንሰለት ላይ መሳብ እጅግ አድካሚ ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ ነው። ሰጋቱራውና ቅርፍቱም አይጣልም፤ እንፋሎቱ የሚፈላበትን ቦይለር ያነድዳል።

ጥያቄ፦ ደመወዙ ስንት ነበር? በገንዘብ ሳይሆን በኩፖን ይከፈላቸው ነበር የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ በሉዊዚያናና በምሥራቅ ቴክሳስ ባሉት የመጋዝ ከተሞች በ1910 አካባቢ ተራ የቀን ሠራተኛ አሥር ሰዓት ወይም ከዚያ በላይ ሠርቶ ከአንድ ዶላር ተኩል እስከ ሁለት ዶላር ያገኝ ነበር። ኩፖኑንም በተመለከተ፣ በብዙዎቹ ከተሞች ደመወዝ የሚከፈለው በወር አንድ ጊዜ ስለነበር፣ በመካከሉ ገንዘብ የቸገረው ሠራተኛ በኩባንያው መደብር ብቻ የሚሠራ የወረቀት ወይም የብረት ምልክት ይሰጠው ነበር። በዶላር ልመንዝር ቢል ከዋጋው ይቀነስበታል፤ ልጠቀምበት ቢል ዕቃው ብዙውን ጊዜ ከሌላ ቦታ የተወደደ ነው። ከዚህ ላይ የቤት ኪራይና የሐኪም መዋጮ ከደመወዙ አስቀድሞ ይቆረጣል። የኋላ ኋላ ሠራተኛው በደመወዙ ቀን ባዶ እጁን የሚመለስበት ወር ብዙ ነበር። ቢሰናበት ደግሞ ከሥራው ጋር ቤቱንም ያጣል፤ ቀጣሪው፣ አከራዩና ባለሱቁ አንድ ናቸውና።

ጥያቄ፦ የቤተሰብ ኑሮስ እንዴት ነበር? እንደ እስር ቤት ነው የሳሉት።

መልስ፦ ትችትዎን እቀበላለሁ። ከአካባቢው የጭሰኝነት እርሻ ለመጣ ቤተሰብ ብዙ ነገር የተሻለ ነበር። ቦጋሉሳ በፕላን የተሠራች ከተማ ስትሆን ትምህርት ቤት፣ ሆስፒታልና የኤሌክትሪክ መብራት ነበራት፤ ይህ በዚያ ዘመን በገጠሩ ሉዊዚያና የማይታሰብ ነው። ወባ የአገሩ በሽታ ስለነበር የኩባንያ ሐኪሞች ኪኒን ያድሉ ነበር፤ እዚህ ላይ ስለ ተራ ክኒን አይደለም የማወራው፣ ቃላችን ስለመጣበት ስለ ራሱ የወባ መድኃኒት ነው። ሰዓት የሌለው ቤት እንኳ ጊዜውን የሚያውቀው በፋብሪካው ጡሩምባ ነበር፤ ሴቶች ምድጃ የሚያነድዱት፣ ባሎች ምሳ የሚበሉት፣ ልጆች የሚነሡት በእርሱ ነው። ያለ ሰዓቱ ከጮኸ ግን ወይ እሳት ተነሥቷል፣ ወይ ሰው ተጎድቷል፤ ሚስቶች ሁሉ ወደ ደጅ ይወጣሉ።

አስተዳደሩም ከፋብሪካው አልተለየም። የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅ ዊልያም ሱሊቫን ከተማዋ በ1914 በሕግ ስትቋቋም ከንቲባ ሆነ፤ በ1929 እስኪሞትም ሥልጣኑን አልለቀቀም። አቤቱታ ያለው ሰው ከሥራ አስኪያጁ ወደ ከንቲባው ይግባኝ ቢል የሚያገኘው ያንኑ ሰው ነበር።

ጥያቄ፦ ጥቁሮችና ነጮች አብረው ይሠሩ ነበር? የሠራተኛ ማኅበርስ ነበራቸው?

መልስ፦ በአንድ ፋብሪካ ይሠራሉ፤ በአንድ ሰፈር ግን አይኖሩም። ሰፈሩ፣ ትምህርት ቤቱና ቤተ ክርስቲያኑ በቀለም የተለየ ነበር፤ የመጋዝ ነጂነትና የካቦነት ሥራ በልማድ ለነጮች የተተወ ሲሆን፣ ከባዱና ዝቅተኛ ክፍያ ያለው ሥራ በአብዛኛው በጥቁሮች ትከሻ ላይ ወድቆ ነበር። አንዱ ወገን አድማ ቢመታ ሌላው ይተካዋል የሚለው ስሌት ለኩባንያዎቹ ትልቅ ዋስትና ነበር።

ይህን ስሌት ለመስበር ከሞከሩት ማኅበራት አንዱ በ1910 በምዕራብ ሉዊዚያና የተመሠረተው የእንጨት ሠራተኞች ወንድማማችነት ነው። ሁለቱንም ዘሮች በአባልነት ተቀበለ። በጁላይ 7 ቀን 1912 መሪው አርተር ኤመርሰን ግራቦው በተባለ የመጋዝ ሰፈር ንግግር ሲያደርግ ተኩስ ተከፍቶ ሰዎች ሞቱ፤ ኤመርሰንና ብዙ አባላት በነፍስ ግድያ ተከስሰው በዚያው ዓመት ነፃ ወጡ። ማኅበሩ ግን ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም።

በቦጋሉሳ የሆነው ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። በ1919 የነጮቹና የጥቁሮቹ ማኅበራት ተባብረው መደራጀት ጀመሩ። የጥቁሮቹ መሪ ሶል ዳከስ ሲሆን፣ የከተማዋ የሠራተኞች ምክር ቤት ሊቀ መንበር ነጩ ለም ዊልያምስ ነበር። ለኩባንያው የወገኑ የታጠቁ ሰዎች ሌሊት የዳከስን ቤት በጥይት ሲደበድቡ እርሱ ወደ ረግረጉ ሸሽቶ አደረ። በማግስቱ፣ ኖቬምበር 22፣ ጠመንጃ የያዙ ነጭ የማኅበሩ አባላት ግራና ቀኝ አጅበውት በከተማዋ አውራ ጎዳና በጠራራ ፀሐይ ወደ ዊልያምስ ጋራዥ አመጡት። በዚያ ዘመን ደቡብ ነጭ ሰው ለጥቁር ጓደኛው ዘብ ቆሞ ሲሄድ ማየት ምን ማለት እንደነበር አንባቢው ያስበው። የታጠቀው ቡድን ጋራዡን ከብቦ ተኮሰ፤ ዊልያምስን ጨምሮ አራት ነጭ የማኅበር ሰዎች በዚያ ጥቃት ሕይወታቸውን አጡ። ዳከስ አመለጠ። በግድያው የተፈረደበት ሰው የለም፤ ማኅበሩም ተበተነ።

ጥያቄ፦ ታዲያ እነዚህ ከተሞች ለምን ጠፉ?

መልስ፦ ደኑ አለቀ። የደኑን ስፋት በፋብሪካው የቀን አቅም ያካፈለ ሰው ከተማው የሚሞትበትን ዓመት ገና መሠረቱ ሲጣል በግምት ሊናገር ይችል ነበር። አብዛኞቹ ኩባንያዎች ቆርጠው ሲጨርሱ ማሽኑንና ሐዲዱን ነቅለው ወደ ምዕራብ ጠረፍ ደኖች ሄዱ። ቀደም ሲል የጠቀስኩት በገመድ የሚጎትት ማሽን ችግኙንና ወጣቱን ዛፍ ሁሉ ጠራርጎ ስለሚያጠፋ፣ የሚተካ እንኳ አልተረፈም።

የቦጋሉሳው ኩባንያ በዚህ ረገድ ምስጋና ይገባዋል። ከ1920 ጀምሮ የተቆረጠውን መሬት መልሶ በጥድ መትከል ያዘ፤ ከዚያ በፊትም ከእንጨቱ ተረፈ ምርት ወረቀት የሚሠራ ፋብሪካ አቁሞ ነበር። የችግኙ ዋና ጠላት እሳት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ በየጫካው የተለቀቀው አሳማ የጥዱን ለስላሳ ሥር እየቆፈረ ስለሚበላ፣ ሰፊ መሬት በሽቦ ማጠር ግድ ሆኗል። ሆኖም ችግኙ እስኪደርስ አሮጌው ደን አልጠበቀም፤ ትልቁ መጋዝ በ1938 ቆመ። ከተማዋን ያቆያት የወረቀቱ ፋብሪካ ነው።

ጥያቄ፦ ያ የጥንቱ ጥድ ዛሬ ይገኛል?

መልስ፦ ከፈረሱ አሮጌ መጋዘኖች ምሰሶና ወለል፣ እንዲሁም በማጓጓዝ ላይ ሳለ በወንዝ ሰጥሞ ከቀረ ግንድ ይገኛል፤ ዋጋውም ውድ ነው። አንድ ጊዜ ከፈረሰ ሕንፃ የወጣ አግዳሚ ገዝቼ ስሰነጥቅ ከጫፉ ላይ ቀለበቱን ቆጥሬ ነበር፤ በአንድ ኢንች ውስጥ ከሃያ በላይ አገኘሁ፤ በፍጥነት ያደገ የዛሬ ጥድ ግን አምስትና ስድስት ነው የሚኖረው። ለሁለተኛ ጊዜ ስሰነጥቀው መጋዜ በሙጫ ተይዞ ጢስ ጢስ ማለት ጀመረ። አጥፍቼው መደርደሪያው ላይ ላምባ ስፈልግ፣ እነዚያ ባለ ጠርሙሶቹ ሰዎች ትዝ አሉኝ።